ልጆችን ይዞ ባሕር ማዶ፦ ቤቱ ይቅደም ወይስ ትምህርት ቤቱ?



ቤተሰቡን ጠቅልሎ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ዘመድ ለመሸኘት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያልሄደ የአዲስ አበባ ነዋሪ ብዙ አይመስለኝም። ሻንጣው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ኪሎው ይበልጣል፣ እንደገና ይከፈታል። በርበሬው ይቅር ሽሮው? ቡናው ይቀነስ ቆሎው? በዚያ ሁሉ ግርግርና ልቅሶ መካከል ግን “የልጆቹን የክትባት ካርድ ይዛችኋል? የትምህርት ማስረጃቸውስ?” ብሎ የሚጠይቅ ሸኚ አንድም ቀን ገጥሞኝ አያውቅም። የት እንደሚቀመጡ የተጠየቁ እንደሆነ “ለጊዜው እገሌ ጋ እናርፋለን፣ ከዚያ ርካሽ ቤት እንፈልጋለን” ይላሉ። ስለ ልጆቹ ትምህርት ሲነሳም መልሱ አጭር ነው፤ “እዚያ ትምህርት ነጻ ነው!”

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ ያለ ክፍያ መሰጠቱ እውነት ነው። ይሁንና ነጻ የተባለው ትምህርት በቤት ኪራዩ ውስጥ ተሰልቶ እንደሚከፈል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከደረስን በኋላ ነው።

እስቲ ነገሩን ከእኛ ከተማ ጋር እናነጻጽረው። ኮልፌ የሚኖር ወላጅ ገንዘቡ ካለው ልጁን ቦሌ ድረስ በሰርቪስ እየላከ ማስተማር ይችላል። ሰፈሩና ትምህርት ቤቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን በአብዛኛው አንድ ናቸው። ልጁ የሚማረው ለቤቱ አድራሻ በተመደበው ትምህርት ቤት ነው። አንድ መንገድ ድንበር ይሆንና ከወዲህ ማዶ ካለው ሕንፃ የሚወጡት ልጆች ወደ አንዱ፣ ከወዲያ ማዶ ያሉት ደግሞ ወደ ሌላው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ለትምህርት ቤቶቹ ከሚውለው ገንዘብ ዋነኛው ምንጭ አንዱ በአካባቢው የሚሰበሰበው የቤትና የመሬት ግብር ነው። በመሆኑም የሰፈሩ ሀብት በትምህርት ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ ስም ደግሞ በሰፈሩ የቤት ዋጋ ላይ ይታያል። ዋሽንግተን ከተማ በዕጣ የሚገባባቸው ትምህርት ቤቶች አሏት፤ እዚያም ቢሆን ግን አድራሻው የሚያስገኘው የሰፈር ትምህርት ቤት አለ። እንግዲህ የኪራይ ውል የፈረመ አባት ሳያውቀው የልጆቹን መምህራን፣ የምሳ ጓደኞችና አውቶቡስ አብሮ ፈርሟል ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ ይዤ አይደለም። ታላቅ እህቴ ከባለቤቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር ከአዲስ አበባ ስትነሳ ትልቁ ልጅ 15፣ መካከለኛዋ 11፣ ትንሹ ደግሞ 6 ዓመታቸው ነበር። የደረሱት በየካቲት ወር፣ የአሜሪካ የትምህርት ዘመን ከተጋመሰ በኋላ ነው። መጀመሪያ በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ከተሞች በአንዷ ከአንድ ወዳጃቸው ቤት አረፉ፤ ልጆቹም በዚያ አድራሻ ትምህርት ቤት ገቡ። ሁለት ወር ሳይሞላ ወዳጃቸው ቤቱ ስለጠበበበት ወደ ሌላ ዘመድ ምድር ቤት ተዛወሩ፤ ትምህርት ቤትም ተቀየረ። በነሐሴ አቅማቸው የፈቀደውን ቤት ተከራዩ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀየረ። በሰባት ወር ሦስት ትምህርት ቤት መሆኑ ነው።

ጥቅምት ላይ ለአጭር ሥልጠና ወደዚያው ሄጄ ስለነበር ከእነርሱ ዘንድ ተቀመጥሁ። አንድ ማምሻ እህቴ ከትልቁ ልጅ መምህርት ጋር ቀጠሮ ኖሯት አብሬያት ሄድሁ። እንግሊዝኛው ገና ስላልለመደላት አስተርጓሚው ራሱ ልጁ ነበር። መምህርቷ ልጁ 11 ቀን ከክፍል መቅረቱን፣ ሲመጣም ከማንም ጋር እንደማይነጋገር በእርጋታ አስረዳች። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ “ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ዝምተኛ ነው እንጂ፣ እያለች ነው” አላት። እህቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ “አላህ ይስጥልኝ በላት” አለችው። እኔ ምን ልበል? በእናቱ ፊት ላዋርደው አልፈለግሁምና ዝም አልሁ። ከውጭ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለብቻው ነጥዬ ስጠይቀው፣ “አጎቴ፣ ሦስተኛ ትምህርት ቤቴ እኮ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የት እንደምቀመጥ ስለማላውቅ ነው የምቀረው። ብቀርም የሚያውቀኝ ስለሌለ ማንም አይፈልገኝም ብዬ ነው” አለኝ።

አዲስ አበባ ሳለ ይህ ልጅ ከክፍሉ ደረጃ የሚወጣ ነበር። ወላጆቹም ሰነፎች አይደሉም። አባቱ ሌሊት ይሠራል፣ እናቱ ቀን ትሠራለች፤ በሚያውቁት ሁሉ የሚሻለውን አድርገዋል። የጎደላቸው የሚነግራቸው ሰው ነው። ከ1987 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማኪኒ-ቬንቶ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ቤት በማጣት ወይም በገንዘብ ችግር ምክንያት ከሰው ቤት ተጠግተው የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ወረቀታቸው ባይሟላም እንኳ ወዲያው ትምህርት ቤት እንዲገቡ፣ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ሲዛወሩም ለልጁ የሚበጀው ያ ከሆነ በጀመሩበት ትምህርት ቤት እንዲቀጥሉና መጓጓዣ እንዲቀርብላቸው ይደነግጋል። ሕጉ የሚናገረው ስለ “ቤት አልባዎች” በመሆኑ ከዘመድ ቤት ያለ ሐበሻ እኔን ይመለከታል ብሎ አያስብም፤ ነውርም ይመስለዋል። የእህቴ ልጅ ግን ወደ ዘመድ ምድር ቤት ሲዛወሩ ትምህርት ቤቱን መልቀቅ ላይኖርበት ይችል ነበር። ለዚያ ምሽት ቀጠሮም አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ በስልክም ቢሆን የሚያቀርቡ የትምህርት ወረዳዎች ብዙ ናቸው። ልጅን በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ ማድረግ ለልጁም ፈተና ነው!

ለመሆኑ ሰፈር መምረጥ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር ነውን? በዚህ ላይ በአሜሪካ መንግሥት የተካሄደ አንድ ትልቅ ሙከራ አለ። ከ1994 እስከ 1998 በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ 4,600 ያህል ድሃ ቤተሰቦች ዕጣ እንዲያወጡ ተደረገ። ዕጣ የወጣላቸው ገሚሶቹ ድህነት ወዳልበዛበት ሰፈር የሚዛወሩበት የኪራይ ድጎማ ተሰጣቸው። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች የልጆቹ የፈተና ውጤት ያን ያህል አለመለወጡን ሲያሳዩ ሙከራው ከሸፈ የሚሉ ነበሩ። ራጅ ቼቲ፣ ናትናኤል ሄንድረንና ሎረንስ ካትዝ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ግን ልጆቹ አድገው ሥራ እስኪይዙ ድረስ ተከታትለው በ2016 ያወጡት ጽሑፍ ሌላ ነገር አሳየ። 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት በሃያዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ ገቢያቸው ካልተዛወሩት በ31 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ዕድሜያቸው ከዚያ ካለፈ በኋላ የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም፤ እንዲያውም ጥቂት የተጎዱ ይመስላሉ።

ከዚህ ውስጥ ለእኛ ሁለት ቁም ነገር አለ። አንደኛው ዕድሜ ነው። ለ6 ዓመት ልጅ የተሻለ ሰፈር ፍለጋ መዛወር ዋጋ አለው። ለ15 ዓመቱ ልጅ ግን ከአንድ ቦታ ተክሎ ማቆየቱ ከተሻለው ሰፈር ሊበልጥበት ይችላል። ታዲያ ሁለቱንም የያዘ ቤተሰብ ምን ያድርግ? በእኔ አስተያየት የመጀመሪያውን ቋሚ ቤት በትልቁ ልጅ ሒሳብ መምረጥና እርሱ 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ከዚያ አለመነቃነቅ ነው። ትንሹ ጊዜ አለው። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ነገሩ የጓደኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ በቨርጂኒያ መደበኛውን ዲፕሎማ ለማግኘት 22 ክሬዲት መሟላት አለበት። ከአገር ቤት የተማረው 9ኛና 10ኛ ክፍል የሚቆጠርለት ማስረጃው ቀርቦ ሲታይ ነው። በየዝውውሩ ወረቀቱ በዘገየ ቁጥር የተማረውን መልሶ እንዲማር ይሆናል።

ሁለተኛው ቁም ነገር የፈተና ውጤት ሁሉን ነገር የማይናገር መሆኑ ነው። ዛሬ ቤት የሚፈልግ ሰው በኢንተርኔት የትምህርት ቤቶችን ደረጃ ከ1 እስከ 10 የሚሰጡ ድርጅቶችን ይመለከታል። ከእነዚህ የታወቀው ግሬትስኩልስ ነው። 9 ያለበት ሰፈር ኪራዩ አይቀመስም፤ 3 ያለበት ደግሞ ያስደነግጣል። ይሁንና አማካይ የፈተና ውጤት በአመዛኙ የወላጆችን ኑሮ ተከትሎ የሚሄድ ነው። የስታንፎርዱ ሾን ሪርደን በ2017 ይፋ ያደረገው ጥናት እንዳመለከተው፣ በድህነቱ ስሙ የሚነሳው የቺካጎ የትምህርት ወረዳ ተማሪዎች ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባሉት 5 ዓመታት የ6 ዓመት ያህል ዕውቀት ሲጨምሩ ታይተዋል። አማካዩ ዝቅተኛ ነው፤ እርምጃው ግን ፈጣን ነው። ስለዚህ ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው “ልጆቹ ሲገቡ ምን ያህል ነበሩ፣ በዓመቱስ ምን ያህል ጨመሩ?” ብሎ ነው። ለእኛ ልጆች ሌላም ጥያቄ አለ፤ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ተማሪዎች የተመደቡ መምህራን በዚያ ትምህርት ቤት አሉ ወይ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 ላው ከኒኮልስ በተባለው ጉዳይ ቋንቋውን ለማያውቁ ልጆች ልዩ እርዳታ ሊደረግ እንደሚገባ ከወሰነ ቆይቷል። አፈጻጸሙ ግን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ጥሩ ስም ባለው ሀብታም ሰፈር ልጅህ ብቻውን እንግሊዝኛ የማይችል ሆኖ ሲቀመጥ፣ መካከለኛ በተባለው ሰፈር ከመጡ አንድ ዓመት የሆናቸው ሃያ ልጆችና ልምድ ያላት መምህርት ሊያገኝ ይችላል።

ሙስሊም ወላጅ ደግሞ ከዚህ ሌላ የሚያስጨንቀው አለው። የልጄ ሒጃብ፣ ሰላቱ፣ ምግቡስ? የአገር ልዩነት ትልቅ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2004 ፈረንሳይ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሒጃብን የሚከለክል ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ሙስኮጊ በተባለች ከተማ፣ ሒጃብ ለብሳ በመምጣቷ ከትምህርት የታገደችን ታዳጊ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ራሱ ደግፎ ተከራከረላት፤ ጉዳዩም ልጅቷ ሒጃቧን እንድትለብስ በሚፈቅድ ስምምነት አለቀ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቱ ራሱ ሰላት ወይም ጸሎት ሊያሰግድ አይችልም፤ ይህ በ1962 ተወስኗል። ተማሪው በራሱ ጊዜ መስገዱን ግን ሊከለክለው አይገባም። የ1984ቱ ሕግም፣ ትምህርት ቤቱ ለሌሎች ክበቦች ቦታ ከሰጠ የሙስሊም ተማሪዎችን ክበብ ለይቶ እንዳይከለክል ያዛል። እንግዲህ ጎብኝታችሁ ስትጠይቁ “ሃይማኖት ይከበራል ወይ?” አትበሉ፤ የማይከበር የሚል ርዕሰ መምህር የለም። “ዙህር የሚሰገድበት ክፍል የት ነው? በረመዳን ምሳ ሰዓት የሚጾሙት ልጆች የት ይቆያሉ?” በሉ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ካለ ከእናንተ በፊት ሙስሊም ልጅ እዚያ አልፏል።

ከዚህ ላይ የሞንትጎመሪ ካውንቲን ነገር ማንሳት ግድ ይሆናል። ከዋሽንግተን ሰሜን፣ በሜሪላንድ ግዛት ያለው ይህ ወረዳ ሐበሻ በብዛት የሚኖርበትን ሲልቨር ስፕሪንግን ይዟል። ለወላጆች የሚላኩ ማስታወቂያዎች በአማርኛም ይዘጋጃሉ። ሙስሊሞች ለዓመታት ከጠየቁ በኋላ በ2016 የዒድ አል-አድሓ ቀን ትምህርት ቤቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተማሪዎች ዝግ ሆኑ። ይኸው ወረዳ በ2022 ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻና መሰል ጉዳዮች የሚያወሱ የተረት መጻሕፍትን ለትንንሽ ክፍሎች አስገባ፤ በ2023 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን ከንባቡ ማስወጣት አይችሉም አለ። ሙስሊምና ክርስቲያን ወላጆች አንድ ላይ ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጁን 27 ቀን 2025 ማህሙድ ከቴይለር በተባለው ጉዳይ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ለወላጆቹ ቀድሞ እንዲነገራቸውና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ ፈቀደ። እንግዲህ ይህ ወረዳ ለሙስሊም ቤተሰብ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ዒዱን ያስከበሩትም፣ ክሱን የመሠረቱትም ትምህርት ቤቱ የሚልከውን ደብዳቤ የሚያነቡ፣ ስብሰባ የሚሄዱ ወላጆች ናቸው። ሁለቱም ወላጅ ሌሊትና ቀን ሠርቶ ደብዳቤው ሳይከፈት ከማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለሚከመርበት ቤት የፍርድ ቤቱ ውሳኔ አይደርሰውም። ስለሆነም ሰፈር ስትመርጡ የኪራዩን ብቻ ሳይሆን የራሳችሁንም ሰዓት አስሉ። ኪራዩን 200 ዶላር ለማሳነስ ከሥራ አንድ ሰዓት ርቆ መኖር ከልጅ ጋር የሚዋልበትን ሰዓት ሊበላ ይችላል።

ሐበሻ ከሚበዛበት መኖር ይሻላል ወይስ መራቅ? “ቤተሰቤ እንግሊዝኛ እንዲለምድ ከሐበሻ እርቃለሁ” የሚሉ አሉ። ዐረቦች ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን እይ የሚል አባባል አላቸው፤ እንደ ሐዲስ የሚጠቅሱት ቢኖሩም ሰነዱ ደካማ መሆኑን ዑለማዎች ተናግረዋል፣ ትርጉሙ ግን አይጣልም። እናት ሥራ ስትወጣ ልጅ የሚጠብቅላት፣ መኪና ሳይገዛ ወደ ጁሙዓ የሚወስድ ጎረቤት በመጀመሪያው ዓመት ከወርቅ ይበልጣል። በዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና የኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች መስጊድ የሆነው ፈርስት ሂጅራ፣ በፎልስ ቸርች ደግሞ ዳር አል-ሂጅራ አሉ። ሁለቱም በስደት መጠራታቸው ለእኛ ለሐበሾች ሌላ ነገር ያስታውሳል። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብና ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) በ615 ወደ አገራችን ተሰደው ሦስት ወንዶች ልጆች እዚሁ ወልደዋል፤ የተመለሱትም በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ከዚያ ስደት መዲና የደረሰችውን የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድን ትንሽ ልጅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ አልብሰው፣ ማማሩን የነገሯት በተወለደችበት በሐበሻ ቋንቋ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። የስደት አገር ቋንቋ የልጅቷ መዋቢያ እንጂ ነውሯ አልነበረም። ሰፈሩ ሐበሻ የበዛበት ይሁን፤ ትምህርት ቤቱ ግን ልጁ ከሌላውም ጋር የሚውልበት መሆኑ ይታይ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። የተሻለ ትምህርት ቤት ለማግኘት የዘመድን አድራሻ የራስ አስመስሎ ማስመዝገብ እንደ ብልሃት ተቆጥሯል። በ2011 በኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ ልጆቿን በአባቷ አድራሻ ያስመዘገበች እናት ተከሳ ለ9 ቀናት ታስራለች። የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ላልጸና መጻተኛ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሐሰት መፈረም ከዚያም የከፋ መዘዝ አለው። ይህም ይቅርና፣ የ7 ዓመት ልጅ “ቤታችሁ የት ነው?” ተብሎ ሲጠየቅ እንዲዋሽ የሚያስጠና ወላጅ ቅዳሜና እሁድ መድረሳ ወስዶ ምን እያስተማረው ነው?

የሚቻለው ሰው ጉዞውን ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ያድርገው፤ ልጆቹ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቀን ይጀምራሉ። የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የየክፍሉ ውጤት ማኅተም ተመትቶበትና በእንግሊዝኛ ተጽፎ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ውል ከመፈረሙ በፊት የሕንፃው አድራሻ በትምህርት ወረዳው ድረ ገጽ ላይ ይፈተሽ፤ የአከራይ ቃል አይበቃም። ድንበሩ ሊቀየር የታሰበ እንደሆነም ይጠየቅ። ከተቻለ በመጀመሪያው ወር ሌላው ቤተሰብ ያልሄደበት ስብሰባ ላይ አንዱ ወላጅ ይገኝ።

እህቴ ባለፈው የኪራይ ውሏ ሊያበቃ ሲል ደውላልኝ ነበር። አከራዩ ዋጋ ጨምሮባታል። ከዚያው መንገድ ማዶ፣ በእግር ስምንት ደቂቃ የሚያስኬድ፣ ኪራዩ የሚቀንስና አንድ መኝታ ክፍል የሚጨምር ቤት አግኝታለች። አድራሻውን ላከችልኝና ተመለከትሁት፤ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ “ልጁ አሁን ምሳ የሚበላው ከሦስት ልጆች ጋር ነው፤ አንዱ ሶማሌ፣ አንዱ ከኤልሳልቫዶር፣ አንዱ የደሴ ልጅ” አለችኝ። ጭማሪውን ከፍለው ከዚያው ቤት ቆዩ። ሁለቱ ወንዶች እስከ ዛሬ በአንድ ክፍል ይተኛሉ።